ከ275 ዓመት በኋላ የተነሣው የዴቨን ኧርልነት፦ ወራሹ እንዴት ተገኘ?

ባለብራና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እንግሊዝ መኳንንት ቤተሰቦች የተጻፈ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው፤ የዴቨን ኧርሎች ዘንድ (ኧርል ከዱክና ከማርኪስ በታች፣ ከቪስካውንት በላይ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ስደርስ ግን ሒሳቡ አልገጥም ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ከአንድ ገጽ አላለፍሁም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ እንደሚለው ኤድዋርድ ኮርትኒ የተባለ ወጣት በ1553 ከንግሥት ሜሪ እጅ የዴቨን ኧርልነትን ተቀበለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም፣ በ1556፣ ሚስት ሳያገባና ልጅ ሳይወልድ ከአገሩ ርቆ በጣሊያን በፓዱዋ ከተማ ሞተ። የማዕረጉ ነገር በዚሁ አበቃለት ብዬ ቅጠሉን ስገልጥ፣ በ1831 ዊልያም ኮርትኒ የሚባል ሰው «ዘጠነኛው የዴቨን ኧርል» ተብሎ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ያለ ልጅ ከሞተ ዘጠነኛው ከየት መጣ? በመካከል የተቆጠሩት ሰባቱስ እነማን ናቸው?

ግራ መጋባቴን ያባሰው ደግሞ የዚሁ የዊልያም አሟሟት ነው። ሰውዬው ከኧርልነቱ ሌላ ከአባቱ የወረሰው የቪስካውንትነት ማዕረግ ነበረው። በ1835 እርሱም ሳያገባ ሲሞት ቪስካውንትነቱ አብሮት ጠፋ፣ ኧርልነቱ ግን ለአንድ ዘመዱ ተላለፈ። ሟቹ አንድ፣ ቀኑም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ማዕረግ ሲቀበር ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት አልገባኝም። በዚህ ላይ የዴቨንሺር ዱክ የሚባል ሌላ ታላቅ ቤት መኖሩን አውቃለሁ፤ ዴቨንና ዴቨንሺር የአንድ አውራጃ ስም ከሆኑ ሁለት ባለማዕረጎች እንዴት ተጋሩት? ነገሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።


የዘር ሐረግ

ጠያቂያችን የገጠማቸው እንቆቅልሽ በብሪታንያ የማዕረግ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት አንዱ ስለሆነ ሁለት ቀን መውሰዱ አያስገርምም። መልሱ ያለው በ1553ቱ የሹመት ደብዳቤ ውስጥ በሚገኙ ጥቂት የላቲን ቃላት፣ ይልቁንም በዚያ ውስጥ ባልተጻፉት ቃላት ነው። ይህን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የዴቨን ኧርልነት መጀመሪያ የኮርትኒዎች አልነበረም። በ1141 ገደማ፣ ለዙፋኑ በሚደረገው ጦርነት መካከል፣ እቴጌ ማቲልዳ ደጋፊያቸው ለነበረው ለባልድዊን ደ ሬድቨርስ የሰጡት ማዕረግ ነው። የሬድቨርስ ዘር በ1293 በሞተችው በኢዛቤላ ሲቋረጥ፣ በሴት በኩል የሚዛመደው ሂዩ ኮርትኒ ርስቱን አገኘ፤ ኧርል ተብሎ የታወቀው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1335 ነው። ይህን ሹመት አንዳንዶች እንደ አዲስ፣ ሌሎች ደግሞ እንደ አሮጌው ቀጣይ ስለሚቆጥሩት፣ በአንዱ መጽሐፍ «ሁለተኛው ኧርል» የተባለው ሰው በሌላው «ዐሥረኛው» ተብሎ ቢያገኙት ስሕተት አድርገው አይቁጠሩት።

አሁን ይህን ሁለተኛ (ወይም ዐሥረኛ) ኧርል ልብ ይበሉት፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነው። ስሙ እንደ አባቱ ሂዩ ሲሆን የሞተው በ1377 ነው። ሚስቱ የንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ የልጅ ልጅ የሆነችው ማርጋሬት ደ ቦሁን ነበረች፤ የሁለቱ የድንጋይ ምስል ዛሬም በኤክሰተር ካቴድራል ጎን ለጎን ተጋድሞ ይታያል። ማርጋሬት በጥሎሽ ይዛው የመጣችውን የፓውደርሃምን ርስት ከታናናሾቹ ልጆች ለአንዱ፣ ለሰር ፊሊፕ፣ አወረሰችው። እነሆ ከዚህ ላይ ሐረጉ ለሁለት ይከፈላል፦ ኧርልነቱን ይዞ በቤተ መንግሥት ፖለቲካ ውስጥ የሚዋኘው የታላላቆቹ ቤት በአንድ ወገን፣ በፓውደርሃም በጸጥታ የተቀመጠው የሰር ፊሊፕ ቤት በሌላ ወገን።

የታላላቆቹ ቤት ዕጣ ሰይፍ ሆነ። የሁለቱ ጽጌረዳዎች ጦርነት በሚባለው፣ ሁለት የንጉሣውያን ቤቶች ለዙፋኑ በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ኧርል ቶማስ በ1461 ከታውተን ጦርነት በኋላ ተይዞ በዮርክ ተሰየፈ፤ ወንድሙ ጆን በ1471 በቱክስበሪ ሜዳ ወደቀ። ሄንሪ ሰባተኛ በ1485 ሲነግሥ ማዕረጉን ከሌላ ታናሽ ቅርንጫፍ ለተወለደ ኮርትኒ በአዲስ ሹመት ሰጠው። የዚህ ሰው ልጅ የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛን ልጅ ካትሪንን አገባ፤ ለቤተሰቡ መከራ ያመጣውም ይህ ጋብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የሚወለደው ኮርትኒ ሁሉ የዘውድ ደም ያለው፣ በንጉሥ ዓይን የሚያስጠረጥር ሰው ሆነ። የካትሪን ልጅ ሄንሪ የኤክሰተር ማርኪስ እስከ መባል ደርሶ በ1538 በክህደት ተይዞ አንገቱ ተቀላ፤ ማዕረጉና ርስቱም በአዋጅ ተወረሰ።

ጠያቂያችን የጠቀሱት ኤድዋርድ የዚህ ሰው ልጅ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ ከወላጆቹ ጋር በለንደን ግንብ ታስሮ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ሜሪ በ1553 ንግሥት ስትሆን ፈታችው፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የዴቨን ኧርል አደረገችው። ብዙዎች ባሏ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር፤ እርሷ ግን የስፔኑን ፊልጶስን መረጠች። በ1554 በቶማስ ዋያት ዐመፅ ስሙ ተነሥቶ እንደገና ታሰረ፤ ከዚያም ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ በፓዱዋ ሞተ።

ሁሉም ሰው ማዕረጉ በዚያ ቀን ሞተ ብሎ አመነ። የፓውደርሃም ኮርትኒዎች ራሳቸው እንኳ እንዲህ ብለው ስላመኑ መጀመሪያ ባሮኔት (ከመኳንንቱ በታች ያለ የውርስ ማዕረግ)፣ በ1762 ደግሞ ቪስካውንት መባላቸውን እንደ ትልቅ ዕድገት ቆጠሩት። በኋላ ግን የ1553ቱ ደብዳቤ ሲመረመር ማዕረጉ የተሰጠው «ለኤድዋርድና ለወንድ ወራሾቹ ለዘላለም» ሆኖ ተገኘ። በእንግሊዝ የሹመት ደብዳቤዎች የተለመደው አጻጻፍ «ከአብራኩ ለሚወጡ ወንድ ወራሾቹ» የሚል ነው። እዚህ ላይ «ከአብራኩ» የሚለው የለም። እርሱ ከሌለ ደግሞ ወራሹ የግድ የኤድዋርድ ልጅ መሆን የለበትም፤ በወንድ በወንድ እየተቆጠረ የሚገኝ የቅርብ ዘመድ፣ እስከ 1377ቱ ሂዩ ድረስ ተወጥቶ በሰር ፊሊፕ በኩል የሚወረድበት እንኳ ቢሆን፣ ወራሽ ነው ማለት ነው።

የማዕረግ ክርክሮች የሚቀርቡለት የፓርላማው ላይኛ ክፍል፣ የሎርዶች ምክር ቤት፣ በማርች 1831 የወሰነው ይህንኑ ነው። ውሳኔው «ማዕረጉ ዛሬ ተሰጠ» ሳይሆን «ማዕረጉ መቼም አልጠፋም ነበር» የሚል ስለሆነ፣ ከ1556 ወዲህ የኖሩት የፓውደርሃም አለቆች በሙሉ ከሞቱ በኋላ ኧርል ሆኑ። ጠያቂያችን የፈለጓቸው ሰባቱ እነዚህ ናቸው፤ ከሰባቱ ስድስቱ ዊልያም ይባላሉ፣ አንዱ ብቻ ፍራንሲስ ነው። ከመካከላቸው የመጀመሪያው በ1557፣ ማለትም ኤድዋርድ በሞተ በዓመቱ፣ ስለ ኧርልነቱ ምንም ሳያውቅ አረፈ።

በ1835 የሆነውም በዚሁ ይፈታል። የ1762ቱ የቪስካውንትነት ደብዳቤ በተለመደው አጻጻፍ የተጻፈ፣ ለመጀመሪያው ቪስካውንት የአብራክ ልጆች የተወሰነ ነበር፤ በነገራችን ላይ ያ ሰው ማዕረጉን ባገኘበት ወር ነው የሞተው። የልጅ ልጁ ዊልያም ያለ ልጅ ሲሞት የቀረው ወራሽ የመጀመሪያው ቪስካውንት ወንድም ዘር ስለነበረ ቪስካውንትነቱ ሊደርሰው አልቻለም፤ ኧርልነቱ ግን ወንድ ዘመድ መሆኑን ብቻ ስለሚጠይቅ ደረሰው።


ጠበቃው

«የዘር ሐረግ» ታሪኩን በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ግን የ1831ዱን ውሳኔ እንደ ተራ ነገር እንዳናልፈው እፈልጋለሁ። በእኔ አስተያየት ውሳኔው በሕግ ደካማ ነው፤ ይህን የምልም እኔ ብቻ አይደለሁም።

በመጀመሪያ ጉዳዩን ማን እንዳንቀሳቀሰው እንይ። አመልካቹ ቪስካውንት በዚያን ጊዜ ነዋሪነቱ በፓሪስ ነበር፤ በወጣትነቱ ስሙ በአሳፋሪ ወሬ ተነሥቶ አገሩን የለቀቀ ሰው ነው። ማዕረጉን ለማግኘት የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም። ምክንያት የነበረው ስሙም እንደ እርሱ ዊልያም ኮርትኒ የሚባለው የሥጋ ዘመዱ ነው፤ የኤክሰተር ጳጳስ የነበረው ሰው ልጅ ሲሆን ሥራውም በዚያው በሎርዶች ምክር ቤት የረዳት ጸሐፊነት ሹመት ነበር። ቪስካውንቱ ባለማግባቱ ተከታዩ እርሱ መሆኑን፣ ቪስካውንትነቱ ግን እንደማይደርሰው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የቀረበው በፓሪሱ ሰው ስም ሆኖ ጥቅሙ የሚታየው በለንደኑ ሰው በኩል ነበር። ይህ ሕገ ወጥነት አይደለም፤ ነገር ግን አሮጌ ወረቀት እንዴት ማንበብ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በትክክለኛው ቦታ ተቀምጦ እንደነበር ማስታወሱ አይከፋም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ አመልካቾቹ የተከራከሩት ቃሉ የቀረው ታስቦበት ነው በማለት ነበር። ንግሥቲቱ ለኤድዋርድ ልዩ ፍቅር ነበራት፤ በስኮትላንድም እንዲህ ያለ ሰፊ አወራረስ የተለመደ ነው። በሌላ ወገን ግን አንድ ያረጀ የእንግሊዝ የርስት ሕግ መርሕ አለ፦ መሬት «ለእገሌና ለወንድ ወራሾቹ» ተብሎ ከተሰጠ፣ «ከአብራኩ» እስካልተባለ ድረስ፣ ወንድ የሚለው ቃል እንዳልተጻፈ ተቆጥሮ ሴቶችም ይወርሳሉ። ከአብራክ ውጭ ሆኖ ለወንዶች ብቻ የሚተላለፍ ውርስ ሕጉ አያውቅም። መሬት ላይ የማይሠራ አጻጻፍ ማዕረግ ላይ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ነገሩ በ1869 ተፈተነ። ሪቻርድ ሁለተኛ በ1397 ዊልያም ለ ስክሮፕን የዊልትስ ኧርል ሲያደርገው ደብዳቤው ልክ እንደ ዴቨኑ «ለወንድ ወራሾቹ» የሚል ነበር። ሰውዬው በ1399 በብሪስቶል ያለ ልጅ ተሰየፈ። ከቤተሰቡ የጎን ሐረግ የተወለደ አንድ ስክሮፕ የዴቨንን ፍርድ ይዞ ቀረበ፤ ምክር ቤቱ ግን ያንን አንከተልም ብሎ አሰናበተው። እንግዲህ ሁለት ደብዳቤዎች፣ በአንድ ዓይነት ቃል የተጻፉ፣ በአንድ ምክር ቤት ፊት ቀርበው አንዱ ኧርል አስገኘ፣ ሌላው ባዶ እጁን ተመለሰ። የተሰጠ ፍርድ ደግሞ አይነሣምና ዴቨኖች ኧርል እንደሆኑ ቀሩ።


ካርታ ወዳጅ

ስለ ዴቨንሺር የተጠየቀውን በአጭሩ ልመልስ። የኮርትኒ ማዕረግ ሞቷል ተብሎ ስለታመነ ነገሥታቱ ስሙን ለሌላ ሰጡት። በ1603 ለቻርልስ ብላውንት ተሰጠ፤ እርሱ በ1606 ሲሞት አብሮት ጠፋ። በ1618 ደግሞ ለዊልያም ካቨንዲሽ ተሰጠ፤ የእርሱ ዘሮች በ1694 ወደ ዱክነት ከፍ አሉ። የካቨንዲሾች ታላቅ መኖሪያ ቻትስወርዝ ያለው በደርቢሺር እንጂ በዴቨን አይደለም፤ የማዕረግ ስም የግዛት ስም አይደለምና። በጥንት ጽሑፎች ዴቨንና ዴቨንሺር ያለ ልዩነት ሲጻፉ ቆይተው ዛሬ ግን ኧርሉ በመጀመሪያው፣ ዱኩ በሁለተኛው ይጠራሉ፤ ለተርጓሚው መልካም አጋጣሚ ነው። በ1618 አንድ ሰው የ1553ቱን ደብዳቤ አውጥቶ ቢያነብ ኖሮ የካቨንዲሾች ስም ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።


ባለብራና (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ጽሑፉ የፓሪሱ ዊልያም ዐሥራ ሦስት እኅቶች ነበሩት ይላል፤ ከዐሥራ ሦስቱ አንዷም ሳትወርስ ማዕረጉ ወደ ሩቅ ዘመድ መሄዱ የሁልጊዜ ሕግ ነው ወይስ የዚህ ማዕረግ ጠባይ? ርስቱና ቤተ መንግሥቱስ ከማዕረጉ ጋር አብረው ይሄዳሉ?


ጠበቃው

የሁልጊዜ ሕግ አይደለም፤ ሁሉም የሚወሰነው ማዕረጉ በተሰጠበት መንገድና በደብዳቤው ቃል ነው። በደብዳቤ የተሰጡ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ማዕረጎች በወንድ ብቻ ይወርዳሉ፤ ንጉሡ ከፈለገ ግን ሌላ ማጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው የማርልበሮ ዱክ ወንድ ልጆቹ ስለሞቱበት በ1706 በወጣ ሕግ ማዕረጉ ለሴት ልጆቹ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ በ1722 ሲሞት ልጁ ሄንሪየታ በራሷ መብት ዱቼስ ሆነች። የበርማው ኧርል ማውንትባተንም ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ማዕረጋቸው በ1979 ለታላቋ ልጃቸው ለፓትሪሺያ ተላልፏል። በደብዳቤ ሳይሆን ወደ ፓርላማ በተጠራበት ጥሪ ብቻ የተቋቋመ ጥንታዊ ባሮንነት ደግሞ ሴቶችን ያወርሳል፤ ነገር ግን እኅትማማቾች እኩል ስለሆኑ አንዷ ከሌላዋ አትቀድምም፤ ከአንዷ በቀር የሌሎቹ ዘር እስኪጠፋ ወይም ንጉሡ አንዱን ወራሽ እስኪመርጥ ድረስ ማዕረጉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የካሞይስ ባሮንነት ከ1426 እስከ 1839 እንዲሁ ተንጠልጥሎ ኖሯል። በስኮትላንድም ሴት የምትወርሳቸው ማዕረጎች ጥቂት አይደሉም። የዙፋኑ አወራረስ በ2013 ሕግ ተሻሽሎ ሴትና ወንድ በልደት ቅደም ተከተል እኩል ሲሆኑ፣ የመኳንንቱን ማዕረግ ግን ያ ሕግ አልነካውም። የ1963ቱ ሕግም ማዕረግን ለመተው የሚፈልግ ወራሽ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያስታውቅ ፈቀደ እንጂ የአወራረሱን መሥመር አልለወጠም።


የዘር ሐረግ

ርስቱን በተመለከተ እኔ ልጨምር። ማዕረግና መሬት በአንድ ቤት ስለሚገኙ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚጓዙት በየራሳቸው መንገድ ነው። ከሁሉ የሚያስረዳው ራሱ ኤድዋርድ ነው፦ በ1556 ሲሞት መሬቱ ለፓውደርሃም ዘመዶቹ አልደረሰም፤ የአያቱ አባት እኅቶች ለሆኑት፣ በኮርንዎል ለተዳሩት አራት ሴቶች ዘሮች ተከፋፈለ። መሬቱ በሴቶች በኩል አራት ቦታ ተቆርሶ ሲሄድ፣ ማዕረጉ በ1831ዱ ውሳኔ መሠረት በዚያው ቀን በወንዶች በኩል ሳይታወቅ ወደ ፓውደርሃም ሄዷል።

ፓውደርሃም ግን የኧርልነቱ ሳይሆን የሰር ፊሊፕ ርስት ስለሆነ ማዕረጉ በሌለበት ዘመን ሁሉ በቤተሰቡ እጅ ቆይቷል፤ ዛሬም የኧርሎቹ መኖሪያ ነው። ማዕረግ መሸጥና መለወጥ የለበትም፣ በኑዛዜም አይሰጥም፤ መሬት ግን ይሸጣል፣ በዕዳ ይያዛል፣ ግብርም ይከፈልበታል። የኋለኛው ነገር ይህን ቤት ክፉኛ ጎድቶታል፤ ዐሥራ አምስተኛውና ዐሥራ ስድስተኛው ኧርሎች፣ ሁለቱም ቀሳውስት የነበሩ ወንድማማቾች፣ በአንድ ዓመት፣ በ1935፣ ተከታትለው ሲሞቱ የውርስ ግብሩ ተደራርቦ መጣ፤ ማዕረጉ የደረሰውም ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ለሆነው ልጅ ነበር። በሎርዶች ምክር ቤት የመቀመጥ መብትም ቢሆን ከማዕረጉ ተለይቶ የሚታይ ነው። የ1999ኙ ሕግ ከ92 በቀር በውርስ የሚቀመጡትን ሁሉ ሲያስወጣ ማዕረጋቸውን አልወሰደባቸውም፤ የአሁኑ ዐሥራ ዘጠነኛው ኧርል በ2018 ወደ ምክር ቤቱ የገቡት ኧርል ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን በመሰሎቻቸው ተመርጠው ነው።


ባለብራና (ጠያቂ)

እናንተን ካነበብሁ በኋላ ወደ ረቂቄ ተመልሼ የ1553ቱን ደብዳቤ የተረጎምሁበትን መሥመር ፈለግሁ። «ለኤድዋርድና ከአብራኩ ለሚወለዱ ወንድ ወራሾቹ» ብዬ ጽፌዋለሁ። በምንጩ ላይ የሌለውን ቃል፣ ለአማርኛው እንዲጥም ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳላስበው ጨምሬ ማዕረጉን በ1556 ቀብሬው ኖሯል። አሁን ሰርዤዋለሁ፤ ከግርጌም አንድ ማስታወሻ አኑሬአለሁ።